የተዋሃዱት የት ነው? የስበት ሞገድ የመጣበትን ጋላክሲ በራሳችሁ ኮምፒውተር ለመፈለግ

ስለ ስበት ሞገድ፣ ማለትም ከባድ አካላት ሲዋሃዱ በጠፈር ስለሚሰራጨው ንዝረት፣ ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እሺ፣ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተዋሃዱ። ግን የትኛው ጋላክሲ ውስጥ? በምን ታወቀ?» ተማሪዎች ይጠይቁኛል፤ መምህራንም ይጠይቁኛል። በቃል ስመልስ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ሥራውን ራሳችሁ እንድትሠሩት ደረጃ በደረጃ ጻፍኩት። ቅዳሜና እሁድ ይበቃችኋል።

የምንለማመደው በአንድ እውነተኛ ክስተት ነው። ስሙ ጂደብሊው170817 ይባላል። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (የትልልቅ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ሲዋሃዱ የተነሳው ሞገድ ምድር የደረሰው ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017) ነበር። መኖሪያው ጋላክሲ ኤንጂሲ 4993 እንደሆነ ይታወቃል። መልሱን አስቀድሜ የነገርኳችሁ በምክንያት ነው። መልሱ በሚታወቅ ክስተት ያልተለማመደ ሰው፣ በአዲስ ክስተት ላይ ቢሳሳት መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር። ስልክ ለማየት ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይመችም።
- አላዲን የተባለው ነፃ የሰማይ አትላስ። የሚያዘጋጀው በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ያለው የሥነ ፈለክ መረጃ ማዕከል ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ተጠቀሙ፤ እሱ ጃቫ ይፈልጋል።
- የክስተቱ የሰማይ ካርታ ፋይል። ለቆዩ ክስተቶች የስበት ሞገድ ክፍት የመረጃ ማዕከል አለ። ለአዲሶቹ ደግሞ ግሬስዲቢ የሚባለው ይፋዊ መዝገብ አለ። ሁለቱም ገንዘብ አያስከፍሉም።
- ግሌድ ፕላስ የተባለው የጋላክሲዎች ዝርዝር። ወደ 22.5 ሚሊዮን ጋላክሲዎች ይዟል። የተዘጋጀውም ለዚሁ ፍለጋ እንዲያግዝ ነው።
- ኤክሴል ወይም ተመሳሳይ ፕሮግራም።
- ደብተርና እስክሪብቶ። የትኛውን ካርታ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ማጣሪያ እንደተጠቀማችሁ ካልጻፋችሁ፣ ሰኞ ስትመለሱበት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

ማስጠንቀቂያ፦ የግሌድ ፕላስን ሙሉ ፋይል አታውርዱ። ብዙ ጊጋባይት ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅላችሁን ጨርሶ ኮምፒውተራችሁንም ያጨናንቀዋል። ቪዚየር ከተባለው የስትራስቡርግ ማዕከል አገልግሎት የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ መጠየቅ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ክስተቱ የሚፈለግ መሆኑን አስሉ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ካርታ ማውረድ ይጀምራል። ከዚያ መቶ ሺህ ጋላክሲ ፊቱ ተደቅኖ ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የተዋሃዱት ምንድን ናቸው፣ የካርታው ስፋት ስንት ካሬ ዲግሪ ነው፣ ርቀቱስ ስንት ነው? ሙሉው ሰማይ 41,253 ካሬ ዲግሪ ነው። እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያለ ትልቅ ጋላክሲ በ100 ኪዩቢክ ሜጋፓርሴክ ውስጥ አንድ ገደማ ይገኛል። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው።

ለጂደብሊው170817 የመጀመሪያው ጥሩ ካርታ 31 ካሬ ዲግሪ ነበር። ርቀቱ 40 ሜጋፓርሴክ ነው፤ ወደ ላይ በ8፣ ወደ ታች በ14 ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከ26 እስከ 48 ሜጋፓርሴክ ያለውን ቦታ ነው የምንፈልገው። የ48ን ኪዩብ አውጡና የ26ን ኪዩብ ቀንሱ። በ4.19 አባዙ፤ ከዚያ በ31/41,253 አባዙ። ወደ 290 ኪዩቢክ ሜጋፓርሴክ ይመጣል። በዚያ ውስጥ ትልልቆቹ ሦስት ገደማ ናቸው። ትንንሾቹ ሲጨመሩ በጊዜው የተፈለጉት ሃምሳ ገደማ ነበሩ። ይህ በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2015 ለተገኘው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓዶች ውህደት፣ ለጂደብሊው150914፣ ሥሩት። 600 ካሬ ዲግሪ፣ ከ230 እስከ 570 ሜጋፓርሴክ። መቶ ሺህ ገደማ ትልልቅ ጋላክሲ ይወጣል። በዚያ ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ ብርሃን ይወጣል ተብሎ አይጠበቅም። እንዲህ ያለውን አትጀምሩት።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ካርታ አውርዱ

ለአንድ ክስተት ከአንድ በላይ ካርታ ይወጣል። የመጀመሪያው ለፍጥነት ነው፤ የኋለኛው ለጥራት። ፋይሉ የወጣበትን ቀንና ሰዓት አይታችሁ የመጨረሻውን ውሰዱ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዚያ ነሐሴ ቀን አሜሪካ ባለው የሊቪንግስተን የስበት ሞገድ መሣሪያ ላይ ውህደቱ ሊፈጸም ሲል ኃይለኛ የጩኸት ብልሽት ገባ። ባለሙያዎቹ ያንን አጽድተው የሦስቱን መሣሪያዎች ካርታ ለማውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። ፍለጋው መስመር የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ካርታው ለምን ነጥብ ሳይሆን ሰፊ ክልል ሆነ? የስበት ሞገድ መሣሪያ እንደ ዓይን ሳይሆን እንደ ጆሮ ነው። አቅጣጫን የሚያውቀው ሞገዱ አንዱ ጋ ከሌላው ቀድሞ በመድረሱ ነው። አሜሪካ ያሉት ሁለቱ የላይጎ መሣሪያዎች፣ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው ትልቁ የጊዜ ልዩነት 10 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ አቅጣጫው ሰማይ ላይ ቀለበት ይሆናል። ጣሊያን ውስጥ ፒሳ ከተማ አጠገብ ያለው ቪርጎ ሲጨመር ቀለበቱ ይቆረጣል። የሚገርመው ደግሞ በዚያ ቀን ቪርጎ በደንብ አልሰማም ነበር። ድምፁ ደካማ የሆነበት ምንጩ እሱ ከማይሰማበት አቅጣጫ ስለነበረ ነው። ያ ደካማነት ራሱ መረጃ ሆኖ ክልሉን አጠበበው።

ደረጃ 3፦ የ90 ከመቶውን ክልል ቁረጡ

ፋይሉን አላዲን ላይ ክፈቱት። ካርታው በብዙ ሺህ ትንንሽ ሕዋሶች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ምንጩ እዚያ የመሆን ዕድሉን በቁጥር ይዟል። ሁሉም ሲደመር 1 ይሆናል።

«ከቨሬጅ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ከዕድል ካርታ ክልል የሚያወጣውን ትእዛዝ ምረጡ፤ 0.9 ብላችሁ ስጡት። ክልሉ ሰማዩ ላይ ይሳላል። ከዚያ በዚያው ክልል ግሌድ ፕላስን ከቪዚየር ጠይቁ። የሚመጡላችሁ በክልሉ ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች ብቻ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ 90 ከመቶ ማለት ሙሉ ማለት አይደለም። ከአሥር ክስተት አንዱ ከክልሉ ውጭ ይሆናል። ምንም ካላገኛችሁ ወደ 0.95 አስፍታችሁ ድገሙት።

ደረጃ 4፦ በርቀት አጣሩ

አሁን ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጡት። ከ20 እስከ 60 ሜጋፓርሴክ ያሉትን ብቻ አስቀሩ። ከላይ ካየነው ከ26 እስከ 48 ለምን አሰፋነው? የሞገዱም ርቀት፣ የጋላክሲውም ርቀት ሁለቱም ስህተት አላቸው። ጠባብ ወንፊት እውነተኛውን ጋላክሲ ሊጥልባችሁ ይችላል። ያ ከሆነ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

የጋላክሲ ርቀት ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከሬድሺፍቱ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ ወደ ቀይ ምን ያህል እንደተለጠጠ ተለክቶ። የኤንጂሲ 4993 ሬድሺፍት 0.0098 ገደማ ነው። በብርሃን ፍጥነት፣ በ299,792 ኪሎ ሜትር በሰከንድ፣ ስታባዙት 2,940 ገደማ ይመጣል። ጠፈር በሚለጠጥበት ፍጥነት፣ ማለትም በ70 (ኪሎ ሜትር በሰከንድ ለእያንዳንዱ ሜጋፓርሴክ)፣ ስታካፍሉት 42 ሜጋፓርሴክ። በሌላ መንገድ፣ በሃብል ቴሌስኮፕ ምስሎች፣ ሲለካ 41 አካባቢ ሆኗል። ተቀራራቢ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። ጋላክሲዎች በጎረቤቶቻቸው ስበት እየተጎተቱ የራሳቸው እንቅስቃሴ አላቸው። በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ 40 ሜጋፓርሴክ ላይ ከ10 ከመቶ በላይ ያሳስታል። ቅርብ ጋላክሲ ላይ ስትሠሩ ይህን አስቡ።

ደረጃ 5፦ ነጥብ ስጡ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ሥሩት። ለእያንዳንዱ ጋላክሲ ሦስት ቁጥር ትይዛላችሁ።

ሀ) የአቅጣጫ ዕድል። አላዲን ላይ ጠቋሚውን ጋላክሲው ላይ ስታደርጉት የሕዋሱ ቁጥር ይታያል።

ለ) የርቀት ዕድል። የጋላክሲውን ርቀት ከክስተቱ ርቀት ቀንሱ። በስህተቱ መጠን አካፍሉ። ስኩዌር አድርጉ፤ በ2 አካፍሉ። ኤክሴልን የዚያን አሉታዊ ኤክስፖኔንሻል እንዲያወጣ ጠይቁት።

ሐ) ድምቀት። ደማቅ ጋላክሲ ብዙ ኮከብ አለው። ብዙ ኮከብ ባለበት ጥንድ ኒውትሮን ኮከብ የመገኘቱ ዕድል ይበልጣል። የሚወሰደው እውነተኛው ድምቀት ነው፤ ከምድር ሲታይ የሚመስለው አይደለም።

ሦስቱን አባዙ። የሁሉንም ጋላክሲ ውጤት ደምሩ። እያንዳንዱን በድምሩ አካፍሉ።

ለመለማመጃ ብቻ ያወጣኋቸው ሦስት ጋላክሲዎች ይኸው። የክስተቱ ርቀት 40፣ ስህተቱ 10 ሜጋፓርሴክ ይሁን።

- አንደኛው፦ አቅጣጫ 0.004፣ ርቀት 41፣ ድምቀት 3። የርቀት ዕድሉ 0.995 ይሆናል። ውጤቱ 0.01194።
- ሁለተኛው፦ አቅጣጫ 0.006፣ ርቀት 60፣ ድምቀት 10። የርቀት ዕድሉ 0.135። ውጤቱ 0.00812።
- ሦስተኛው፦ አቅጣጫ 0.005፣ ርቀት 39፣ ድምቀት 0.2። የርቀት ዕድሉ 0.995። ውጤቱ 0.000995።

ሲካፈል 56.7፣ 38.6 እና 4.7 ከመቶ ይመጣል። በአቅጣጫ የሚመራው ሁለተኛው ነበር፤ በድምቀትም እንዲሁ። ያወረደው ርቀቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በቦታውና በርቀቱ እንከን የለውም፤ ትንሽ መሆኑ ወደ ታች አወረደው። ግን አልሰረዝነውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዝርዝሩ ራሱ ጎዶሎ ነው። ግሌድ ፕላስ በድምቀት ሲታይ ሙሉ የሚባለው እስከ 47 ሜጋፓርሴክ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ደብዛዛዎቹ እየጎደሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ 56.7 ከመቶ ማለት «ከዘረዘርናቸው መካከል» ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ አዲሱን ብርሃን ፈልጉ

ነጥቡ የሚነግራችሁ የት ቀድሞ መታየት እንዳለበት ነው። ማረጋገጫው አዲስ ብርሃን ነው። ኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሃዱ የሚረጨው ቁስ ኪሎኖቫ የሚባል ፍካት ይሰጣል።

በዚያ ምሽት ቺሊ ላስ ካምፓናስ ላይ ያለው፣ ባለ አንድ ሜትሩ ስዎፕ ቴሌስኮፕ እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ ጋላክሲዎችን በየተራ እያነሳ ነበር። ዘጠነኛው ምስል ላይ፣ ውህደቱ ከተሰማ 10.9 ሰዓት በኋላ፣ በድሮው ምስል ያልነበረ ነጥብ ኤንጂሲ 4993 ዳር ላይ ታየ። ድምቀቱ 17.5 ማግኒቲዩድ ገደማ ነበር (ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደክማል)።

እናንተ ይህን በማኅደር ምስሎች መድገም ትችላላችሁ፦

1. አላዲን ላይ 13 ሰዓት 09 ደቂቃ 48.1 ሰከንድ፣ ከምድር ወገብ በታች 23 ዲግሪ 22 ደቂቃ 53 ሰከንድ ብላችሁ ሂዱ።
2. ከክስተቱ በፊት የተነሳ ምስል አውጡ። ሃዋይ ያለው ፓን-ስታርስ ይህን የሰማይ ክፍል ይሸፍናል።
3. ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. የተነሳ የሃብል ምስል ከማኅደሩ ጎን ለጎን ክፈቱ።
4. ከጋላክሲው መሃል 10 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያህል ራቅ ብሎ ያለውን ነጥብ ፈልጉ። በአንዱ አለ፤ በሌላው የለም።

በአዲስ ክስተት ላይ ግን አዲስ ነጥብ አየሁ ብላችሁ አትቸኩሉ። ሰማዩ በየምሽቱ በአዳዲስ ነጥቦች የተሞላ ነው። አስትሮይድ ከሆነ በአንድ ሰዓት ልዩነት በተነሱ ሁለት ምስሎች ላይ ቦታውን ይቀይራል። ሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) ከሆነ ለሳምንታት ይቆያል። ኪሎኖቫ ይቸኩላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ወደ ቀይ ይዞራል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ምሽት፣ ቢያንስ በሁለት የቀለም ማጣሪያ የተነሳ ምስል ያስፈልጋችኋል። አዳዲስ ብርሃኖች የሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብም አለ፤ ነጥቡ ከክስተቱ በፊት ተመዝግቦ ከሆነ ከዝርዝራችሁ አውጡት።

ደረጃ 7፦ ብርሃኑ የዚያው ጋላክሲ መሆኑን አረጋግጡ

ከጋላክሲ ጎን መታየት ብቻውን አይበቃም። ከኋላ ያለ ሩቅ ነገር ሊሆን ይችላል። ሦስት ፈተና ስጡት።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። የጋላክሲው 41፣ የሞገዱ 40 ነው። አለፈ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የፈርሚ ሳተላይት ከውህደቱ 1.7 ሰከንድ በኋላ ከዚያው አቅጣጫ አጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዝግቧል። በኋላም ከነጥቡ ላይ ቻንድራ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ9ኛው ቀን ኤክስሬይ፣ ኒው ሜክሲኮ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በ16ኛው ቀን የሬዲዮ ሞገድ አግኝተዋል። አለፈ።

ሦስተኛው ከመሃሉ ያለው እርቀት ነው። አርክ ሰከንዱን በ206,265 አካፍሉና በርቀቱ አባዙ። 10.3 አርክ ሰከንድ በ40 ሜጋፓርሴክ ላይ 2,000 ፓርሴክ ይሆናል፤ 6,500 የብርሃን ዓመት። ጋላክሲው ውስጥ ነው፤ አለፈ።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ግን ጥንቃቄ። ኒውትሮን ኮከብ በሱፐርኖቫ ሲወለድ ይገፈተራል። ጥንዱ ከተወለደበት ጋላክሲ ወጥቶ ርቆ ሄዶ ሊዋሃድ ይችላል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ደብዛዛ ጋላክሲ ሳይሆን ራቅ ያለው ትልቁ የእሱ ቤት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ደብተራችሁ ላይ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ብርሃን ካልተገኘ

አብዛኛው ክስተት እንዲህ ነው። እንዲህ ሲሆን መልሳችሁ አንድ ስም ሳይሆን ከነዕድሉ የተጻፈው ዝርዝር ነው። አንደኛ የወጣውን ጋላክሲ «ተገኘ» ብላችሁ አትጻፉ። ዝርዝሩ ከንቱ አይደለም። ተመራማሪዎች ብርሃን የሌላቸውን ክስተቶች ከነሙሉ ዝርዝራቸው ሰብስበው ጠፈር የሚለጠጥበትን ፍጥነት ይለኩበታል። ስሙን በግድ ያስቀመጠ ሰው ግን ያንን ስሌት ያበላሻል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የሰዓት መምታታት። ይህ የኛ ልዩ ችግር ነው። መዝገቡ ላይ 12:41 የሚለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ነው። ከመዝገቡ 3 ሰዓት ቀንሱ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ይመጣል። የክስተቱ ስም ውስጥ ያለው ቀንም በፈረንጅ ነው፤ 170817 ማለት 2017፣ 8ኛ ወር፣ 17ኛ ቀን።

ሰዓትና ዲግሪ መቀላቀል። የሰማይ አድራሻ አንዱ ክፍል በሰዓት ይጻፋል። ካርታው ደግሞ ዲግሪ ይፈልጋል። በ15 አባዙ፦ 13 ሰዓት ከ09 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ 197.45 ዲግሪ ነው። 13ን እንዳለ ያስገባ ሰው የሚያየው ሌላ ሰማይ ነው።

ያረጁ ጋላክሲዎችን መጣል። ብዙዎች «ኮከብ የማይወለድበት ጋላክሲ ምን ያደርጋል» ብለው ይሰርዙታል። ኤንጂሲ 4993 ራሱ ኮከቦቹ ያረጁ፣ አዲስ ኮከብ እምብዛም የማይወለድበት ጋላክሲ ነው። ጥንዶቹ ተጠጋግተው እስኪዋሃዱ ቢሊዮኖች ዓመታት ሊወስድባቸው ይችላል። ወጣቱንም ሽማግሌውንም ያዙ።

ማንቂያን እንደ ግኝት መውሰድ። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ዕጩ ነው። አንዳንዱ የመሣሪያ ጩኸት ሆኖ ይሰረዛል። ከመጀመራችሁ በፊት ያልተሰረዘ መሆኑን እዩ።

ቴሌስኮፕ ያላችሁ ደግሞ ጋላክሲውን ራሱን ማየት ትችላላችሁ። ከአዲስ አበባ ሲታይ በከፍተኛው ቦታው 58 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ጥሩው ጊዜ የሚያዝያና የግንቦት ምሽት ነው። በነሐሴ ግን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ቀርቦ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይታያል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ በቴሌስኮፕ ወደዚያ አቅጣጫ አትመልከቱ፤ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል።

ይህን ከጨረሳችሁ ቀጥሎ ጂደብሊው190814ን ሞክሩ። 23 የፀሐይ ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከ2.6 የፀሐይ ክብደት ካለው አካል ጋር የተዋሃደበት ነው። 18.5 ካሬ ዲግሪ፣ 241 ሜጋፓርሴክ ገደማ። ብርሃን አልተገኘለትም። የደረጃ 1ን ስሌት ከ196 እስከ 282 ሜጋፓርሴክ ሥሩት፤ ሦስት መቶ ገደማ ትልልቅ ጋላክሲ መምጣት አለበት። ሦስት ሺህ ከመጣላችሁ የካሬ ዲግሪውን ማካፈያ ደግማችሁ እዩ።